ከስፖርት በኋላ ያለችው «30 ደቂቃ»

ደሴ ጂም ቤት ገብታችሁ ከሆነ «በ30 ደቂቃ ውስጥ ካልበላህ ልፋትህ ገደል ገባ» መባሉን ሰምታችኋል። ተጋኗል። ጡንቻ ፕሮቲን የሚጠቀምበት ፍጥነት ከስፖርት በኋላ ለብዙ ሰዓታት ከፍ ብሎ ይቆያል። ምሳ በልታችሁ ከሠራችሁማ ጭራሽ አትቸኩሉ። በባዶ ሆድ በማለዳ የጦሳን ተራራ ሽቅብ የሮጠ ግን ቶሎ ቢበላ ይሻለዋል።

ለጡንቻ ዋናው የቀኑ ድምር ነው፤ በኪሎ 1.6 ግራም ፕሮቲን አካባቢ። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 112 ግራም ይሆናል። አንድ እንቁላል ያለው 6 ግራም ገደማ ስለሆነ የጠዋቷ ፍርፍር ብቻዋን አታደርስም። ምስር፣ ሽሮ፣ ወተት፣ ሲገኝም ሥጋ ይታከልበት። በረመዳን ከመግሪብ በፊት የሚሠራም አፍጥሮ ቢበላ ምንም አይቀርበትም።

ስብ መቀነስስ? እሱ ከሰዓት ጋር ጉዳይ የለውም፤ ከምታቃጥሉት ያነሰ ካሎሪ መብላት ነው። ከጂም ወጥቶ ስኳር የበዛበት የአቮካዶ ጁስ መጨለጥ (ይጣፍጣል፣ አልክድም) ያቃጠላችሁትን መልሶ ይሞላዋል።