«70 በመቶ ጠቧል» ሲባል ምን ማለት ነው?

የአንገት ደም ቅዳ (ካሮቲድ) ምርመራ ውጤት ላይ «70 በመቶ ጠቧል» የሚል ሲያነቡ፣ ብዙዎች ወደ አንጎል የሚደርሰው ደም 30 በመቶ ብቻ ይመስላቸዋል። አይደለም። የሚለካው የቱቦው ስፋት ነው። በጣም የጠበበው ቦታ፣ ከሱ በላይ ካለው ጤነኛ ክፍል ጋር ይነጻጸራል። ደግሞም አንጎል ደም የሚያገኘው በአንድ መንገድ ብቻ አይደለም። ትልቁ ስጋት ሌላ ነው፦ ግድግዳው ላይ የተጋገረው ስብ ይሰነጠቅና ፍርፋሪው ወይም የረጋ ደም ወደ አንጎል ሄዶ ስትሮክ ያመጣል።

ጥበቱ «ምልክት ያለው» ነው ሲባልም ያደናግራል። ተራ ማዞር ወይም ራስ ምታት አይቆጠርም። የሚቆጠረው ባለፉት 6 ወራት የአንድ ጎን እጅ ወይም እግር መዛል፣ የአፍ መተሳሰር ወይም የአንድ ዓይን ድንገት መጨለም ነው። በደቂቃዎች ውስጥ ቢለቅም ይቆጠራል!

ጠባቡን ከፍቶ የሚይዝ ስቴንት (የብረት መረብ) ሲገባ ብዙ ጊዜ አንገት አይቀደድም። ቀጭን ቱቦ ከብሽሽት ወይም ከእጅ አንጓ ይገባል። ብዙ ጊዜ ፍርፋሪ የሚይዝ ትንሽ ማጣሪያ አስቀድሞ ይዘረጋል። ባሉን (ትንሽ ፊኛ) ጠባቡን ያሰፋል፣ የብረት መረቡ እዚያው ይቀራል። ባሉኑ ሲነፋ የልብ ምት ሊቀንስ ይችላል፤ የደም ግፊትን የሚከታተሉ ነርቮች እዚያው አጠገብ ናቸው። ከዚያ ደም እንዳይረጋ አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል አብረው ቢያንስ ለ4 ሳምንታት ይወሰዳሉ።

አይቀደድም ማለት ግን ለሁሉም ይሻላል ማለት አይደለም። ከ70 ዓመት በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ፣ አንገትን ከፍቶ ስቡን በቀዶ ሕክምና ከማጽዳት ይልቅ በስቴንት ጊዜ ስትሮክ የመከሰት ዕድሉ ከፍ ይላል።