ከጋፋት እስከ ብሩማና፦ ኩዌከሮች በሊባኖስ

ብሩማና ከቤይሩት በስተምሥራቅ፣ ሜዲትራኒያን ባሕርን ቁልቁል የምታይ ተራራማ ከተማ ናት። እዚያ በ1873 የተመሠረተ የኩዌከሮች ትምህርት ቤት አለ፤ ዛሬም ያስተምራል። (እዚህ የጠቀስኳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) መሥራቹ ቴዎፍሎስ ዋልድማየር ወደ ሊባኖስ የሄደው ከእኛው አገር ነው። ደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው ጋፋት ዓመታት ኖሯል። ስለ እሱ በአማርኛ ሲወራ ነገሩ መቅደላ ላይ ያበቃል። ይህን ያጠናቀርኩት ቀሪውም እንዲታወቅ ብዬ ነው።

ኩዌከሮች ራሳቸውን «የወዳጆች ማኅበር» ይላሉ። እንቅስቃሴው የተጀመረው በ17ኛው መቶ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ፣ በጆርጅ ፎክስ ስብከት ነው። «ኩዌከር» ተንቀጥቃጭ ማለት ነው። ስሙን ያወጡላቸው የሚያፌዙባቸው ሰዎች ነበሩ። የእምነታቸው እምብርት አንድ ነው፦ የእግዚአብሔር ብርሃን በእያንዳንዱ ሰው ውስጥ አለ። ሌላው ሁሉ ከዚህ ይመነጫል። በነባሩ ሥርዓታቸው ቄስ የለም፣ የውኃ ጥምቀት የለም፣ ቁርባን የለም። አይምሉም። ጦር መሣሪያ አንሥተው እንደማይዋጉም በ1661 ለንጉሥ ቻርልስ 2ኛ በጽሑፍ አሳውቀዋል።

አምልኳቸው ዝምታ ነው። ሰዎች ገብተው ይቀመጣሉ። መዝሙር የለም፣ ሰባኪ የለም። አንዱ ውስጡ ሲገፋፋው ይነሣና ጥቂት ተናግሮ ይቀመጣል። ወንድም ሴትም መናገር ይችላል። ከዚያ እንደገና ጸጥታ ነው። ሰዓቱ ሲደርስ አጠገብ ላጠገብ ያሉት ይጨባበጣሉ፤ በቃ፣ ጉባኤው ተፈጸመ።

እንዲህ የሚያምን ሰው ለምን ባሕር ተሻግሮ ይሰብካል? ብርሃኑ ሁሉም ሰው ውስጥ ካለ፣ ማን ለማን ያመጣዋል? ጥያቄው ኩዌከሮችንም አስቸግሯቸዋል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደፋር መንገደኞች ነበሯቸው። የቤት ሠራተኛ የነበረችው ሜሪ ፊሸር በ1658 ኤዲርኔ ድረስ ሄዳ የኦቶማኑን ሱልጣን መሕመድ 4ኛን አነጋግራለች። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ቀዘቀዘ። የእንግሊዝ ኩዌከሮች የውጭ ሚሲዮን ማኅበር ያቋቋሙት በ1868 ነው። ከዚያም ሕንድ፣ ማዳጋስካርና ቻይና ሠርተዋል። በ1902 ደግሞ የአሜሪካ ኩዌከሮች ምዕራብ ኬንያ፣ ካይሞሲ ገቡ። ከየትኛውም አገር ይልቅ ብዙ ኩዌከሮች የሚገኙት ዛሬ ኬንያ ነው፤ የእነሱ አምልኮ ግን ፓስተርም መዝሙርም አለው።

ወደ ሊባኖሱ እንመለስ። ቴዎፍሎስ ዋልድማየር በ1832 ስዊዘርላንድ ተወለደ። ባዝል አጠገብ በሚገኘው የቅዱስ ክሪሾና ሚሲዮን ሠልጥኖ በ1850ዎቹ መጨረሻ ወደ ኢትዮጵያ መጣ። ሐሳቡ የኢየሩሳሌሙ ጳጳስ የሳሙኤል ጎባት ነበር፦ ቄስ ሳይሆን እየሠራ የሚያስተምር የእጅ ባለሙያ መላክ። ዐፄ ቴዎድሮስ ግን የፈለጉት ባለሙያነታቸውን ነው። ጋፋት ላይ መንደር ሰጧቸው፣ ሠሩ፣ በመጨረሻም መድፍ አምጡ ተባሉ። 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል እዚያ ተሠራ። ቅጂውን አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ያላየ ጥቂት ነው። ወደው ሠሩት ወይስ ተገደው የሚለው ያከራክራል። እኔ እንደሚመስለኝ ያኔ ንጉሡን እምቢ ማለት የሚታሰብ አልነበረም።

ዋልድማየር ያገባው እዚሁ ነው። ባለቤቱ ሱዛን ቤል የሊቀ መኳስ ዮሐንስ፣ ማለትም የእንግሊዛዊው የጆን ቤል ልጅ ናት። እናቷ ኢትዮጵያዊት ናቸው። አባቷ በ1860 ንጉሡን ሲከላከል ሞተ። የብሩማናን ሚሲዮን ከባሏ ጋር ያቆመችው እንግዲህ የእኛው አገር ልጅ ናት። ይህ ብዙ ጊዜ ሳይነገር ይታለፋል።

በሚያዝያ 1868 መቅደላ ስትወድቅ ባልና ሚስቱ አገር ለቀው ወጡ። ዋልድማየር ቤይሩት ውስጥ በእንግሊዞች ትምህርት ቤቶች ጥቂት ከሠራ በኋላ ተራራው ላይ ወጥቶ የራሱን ጀመረ። የእንግሊዝና የአሜሪካ ኩዌከሮች ደገፉት፤ እሱም አባላቸው ሆነ። መድፍ ያሠሩት ሰው መሣሪያ ከማይነኩ ሰዎች ጋር ቤቱን አገኘ። ይህን ሳስብ ሁሌም ይገርመኛል። ከዚያው ዘመን ፍልስጥኤም ውስጥ የራማላው የልጃገረዶች ትምህርት ቤትም አለ፤ በ1869 ተጀምሯል። በ1888 ሥራው ሲከፈል ራማላ ለአሜሪካኖቹ፣ ብሩማና ለእንግሊዞቹ ደረሰ።

የዋልድማየር ትልቁ ሥራ ግን፣ ለእኔ፣ የመጨረሻው ነው። በዚያን ዘመን ሊባኖስ ውስጥ የአእምሮ ሕመምተኛ ቁዝሐያ ገዳም ተወስዶ ዋሻ ውስጥ በሰንሰለት ይታሰር ነበር። ጠበል ቦታ የታሰረ ሰው ያየ አንባቢ ነገሩ አይጠፋውም፤ ቤተሰብም የሚወስደው ጨክኖ ሳይሆን ሌላ መሄጃ አጥቶ ነው። ኩዌከሮች በዚህ ላይ ልምድ ነበራቸው። ዮርክ ከተማ በ1796 በሽተኛን በሰንሰለት ሳይሆን በደግነት የሚያክም ቤት ከፍተው ነበር። እብድ የሚባለውም ውስጡ ብርሃን አለው ካልክ ልታስረው ይከብድሃል። ዋልድማየር በስልሳዎቹ ዕድሜው ብሩማናን ለቀቀ። አውሮፓና አሜሪካ ዞሮ ገንዘብ ለመነ። በ1900 ቤይሩት አጠገብ ዐስፉሪየ ላይ ሆስፒታሉ ተከፈተ። ክርስቲያን፣ ሙስሊም፣ ድሩዝ ሳይል ሁሉንም ተቀበለ። ስሙ በጣም ከመታወቁ የተነሣ በሊባኖሶች ንግግር «ዐስፉሪየ» ማለት የእብድ ቤት ማለት ሆኖ ቀርቷል።

ዋልድማየር በአንደኛው የዓለም ጦርነት መሐል፣ በ1915 ሞተ። በዚያው ጦርነት ሊባኖስን ከባድ ረሃብ መታት። ሆስፒታሉ በእርስ በርስ ጦርነቱ መሐል፣ በ1982 ተዘጋ። የብሩማናው ትምህርት ቤት ግን ያንንም አልፎ ዛሬም ወንዶችና ሴቶች ልጆችን በአንድ ክፍል ያስተምራል።