ጭንቀትን በጋራና ሳይዘጋጁ በጥበብ መግለጽ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሰው ሲጨንቀው «ደረቴን ወጠረኝ»፣ «ሆዴ ተላወሰ»፣ «ልቤ ድው ድው ይላል» ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ቃል ያልቅበታል። አስቀድሞ ያልተዘጋጀ የቡድን ጥበብ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ከስድስት እስከ ስምንት ሰዎች አንድ ረጅም ወረቀት ላይ አብረው ይሥላሉ፣ አንዱ የጀመረውን ምት ሌላው ይቀበለዋል፣ ወይም የአንዱን ስሜት ሌሎቹ በእንቅስቃሴ ያሳዩታል። ስለዚህ አሠራር ከሚነገሩት ነገሮች አንዳንዶቹ ሰውን ገና ከበሩ ይመልሱታል፤ ሌሎቹ ደግሞ የገባውን ሰው ይጎዳሉ። የሚጎዱት ላይ ረዘም እንላለን።

«እኔ ሥዕል አልችልም፣ ድምፅም የለኝም»

ችሎታ እዚህ አይጠየቅም። እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ ድሬክሰል ዩኒቨርሲቲ ጊሪጃ ካይማል እና ባልደረቦቿ ያወጡት አንድ ጥናት 39 አዋቂዎችን ለ45 ደቂቃ ያህል በሸክላ፣ በማርከርና በቁርጥራጭ ወረቀት የፈለጉትን እንዲሠሩ አድርጓል። ከአራቱ ሦስት እጅ በሚሆኑት ሰዎች ምራቅ ውስጥ ኮርቲሶል የተባለው የውጥረት ሆርሞን ቀንሶ ተገኘ፤ ቀድሞ የጥበብ ልምድ መኖር አለመኖሩም ለውጥ አላመጣም። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ የሚነጻጸር ቡድንም አልነበረውም፤ ስለዚህ «ሥዕል ጭንቀትን ይፈውሳል» ብሎ ለማወጅ አይበቃም። «የማይችል አይግባ» ለሚለው ግን ጥሩ መልስ ነው።

«አልችልም» የሚለው ቃል አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከትእዛዙ ነው። «ጭንቀትህን ሣል» የተባለ ሰው እጁ ይደርቃል፤ ጭንቀት መልክ የለውምና። «የሥዕል ከሰሉን በማትጽፍበት እጅህ ያዝ፣ ለ30 ሰከንድ ሳታነሳ መስመር አስኪድ» ቢባል ግን ሁሉም ይችላል። በማይጽፉበት እጅ መሥራት ሠዓሊውንም ሥዕል ነክቶ የማያውቀውንም እኩል ያደርጋቸዋል። የለንደኑ የሕፃናት ሐኪምና የሥነ ልቦና ተንታኝ ዶናልድ ዊኒኮትም ከልጆች ጋር የሚጀምረው እንዲህ ነበር፤ እሱ ዝም ብሎ አንድ መስመር ያጥመለምላል፣ ልጁ ወደ አንድ ነገር ይለውጠዋል፣ ከዚያ ተራው ይገለበጣል።

«ሳይዘጋጁ መሥራት ማለት ሕግ የለም ማለት ነው»

ከስህተቶቹ ሁሉ ብዙ ቡድን የሚያፈርሰው ይህኛው ነው።

አዝማሪን እንውሰድ። ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይወረውራል፣ አዝማሪውም እዚያው ተቀብሎ ያዜመዋል። ግጥሙ ያልታሰበ ነው። ቅኝቱ፣ ምቱ፣ የስንኙ ልክ፣ ቤት የሚመታበት ቦታ ግን አስቀድሞ የታወቀ ነው። አዲሱን ነገር ለመቀበል የሚያስችለው ያ የማይነቃነቀው ነገር ነው። የተጨነቀ ሰው ደግሞ የሚያሠቃየው ቀጥሎ የሚመጣውን አለማወቁ ነው። ባዶ አዳራሽ ውስጥ አስገብቶ «ነፃ ሁን» ማለት የሚፈራውን ነገር ራሱን አምጥቶ መስጠት ነው።

ስለዚህ ድንበሩ ይሰመርለት። ለስምንት ሰው 90 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 3 ሜትር ርዝመት ያለው ጥቅል ወረቀት ይበቃል። በተጋጠሙ ጠረጴዛዎች ላይ ተዘርግቶ ጠርዙ በየ30 ሴንቲ ሜትሩ በፕላስተር ይያዝ፤ ወረቀቱ ከተንሸራተተ ሰው እጁን ይሰበስባል። ለእያንዳንዱ አንድ ስባሪ የሥዕል ከሰልና ሁለት የሰም ቀለም ይሰጠው። ውሃ ቀለም በመጀመሪያው ቀን አይግባ። ይፈስሳል፣ ወደ ጎረቤት ይዘልቃል፣ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ሁሉም ነገር ጭቃ ይመስላል። ተጠንቅቆ ያሰመረው መስመር በሌላው ቀለም የተዋጠበት ሰው ሁለተኛ አይመጣም፤ አይፈረድበትም።

አካሄዱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ አምስት ደቂቃ ምት፦ ጀሪካን፣ ጠረጴዛ፣ ጭን፣ የተገኘው ሁሉ ይሆናል። አንዱ በደቂቃ ከ60 እስከ 70 ገደማ ይመታል፣ ሌሎቹ አንድ በአንድ ይገባሉ፣ በመጨረሻም አንድ በአንድ ይወጣሉ። ቡድን ሁልጊዜ ይፈጥናል። ያኔ አስተባባሪው «ቀስ በሉ!» እያለ አይጩህ፤ የራሱን ድምፅ ዝቅ ያድርግ፣ ሌላው እሱን ለመስማት ሲል ራሱ ይረጋል።

ቀጥሎ አራት ደቂቃ እያንዳንዱ በየቦታው ይሥላል። ጥያቄው አንድ ነው፦ ጭንቀቱ ሰውነትህ ላይ የት ነው ያለው? የዚያን ቦታ ፍጥነትና ክብደት በእጅህ አሳይ።

ከዚያ ሁሉም አንድ ቦታ ወደ ቀኝ ይሸጋገርና ስምንት ደቂቃ በጎረቤቱ ሥራ ላይ ይሠራል። ሦስት ነገር ይፈቀድለታል፦ መስመሩን ማስቀጠል፣ መስመሩን መክበብ፣ ወይም ሁለት ጣት ያህል ርቆ ጎን ለጎን መሄድ። መሸፈን፣ ማጥፋትና ማረም ክልክል ነው። በመጨረሻም ሁሉም ወደ ቦታው ተመልሶ ለተጨመረለት ነገር ሌላ ስምንት ደቂቃ መልስ ይሰጣል። ከገለጻውና ከመዝጊያው ጋር አንድ ሰዓት ይፈጃል።

አንዷ ከሰሉን ይዛ አንድ ቦታ ላይ ደጋግማ ትፈገፍጋለች እንበል። ጫፉ ይሰበራል፣ ዱቄቱ ይከመራል፣ ወረቀቱ መሳሳት ይጀምራል። ከግራዋ የሚመጣው ሰው በእጁ ቢጫ የሰም ቀለም ነው ያለው። በዱቄቱ ላይ ቢሄድ ቀለሙ ይቆሽሻል እንጂ አይይዝለትም። ስለዚህ ሁለት ጣት ርቆ፣ የጥቁሩን ቅርጽ ጥግ በጥግ እየተከተለ ይሄዳል። እሷ ስትመለስ ያ የተፈገፈገው ቦታ እንዳለ ነው፤ ማንም አላስተካከለባትም፤ ከጎኑ ግን ሰው ሄዷል። ይህን በቃል ለማስረዳት ብዙ ያደክማል፤ ወረቀቱ ላይ ግን ወዲያው ይታያል።

«ጩህ፣ ምታ፣ ይውጣልህ!»

ስሜት እንደ እንፋሎት ነው፣ ቀዳዳ ካገኘ ተንፍሶ ያልቃል የሚለው እምነት በጣም የተለመደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ብራድ ቡሽማን የተባለ ተመራማሪ ይህን በንዴት ላይ ፈትኖታል። ያናደዳቸውን ሰው እያሰቡ የቦክስ ከረጢት የመቱት ተማሪዎች፣ ምንም ሳያደርጉ ዝም ብለው ከተቀመጡት ይልቅ የተናደዱና ጠብ ፈላጊ ሆነው ተገኙ። ንዴትና ጭንቀት አንድ አይደሉም፤ ጭንቀት ላይ ግን ሌላ ተጨማሪ አደጋ አለ። ሲጮኹና በኃይል ሲተነፍሱ በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፤ ራስ ይዞራል፣ ጣት ይነዝራል፣ ደረት ይወጠራል። ድንገተኛ የፍርሃት ማዕበል ለሚይዘው ሰው እነዚህ የሚያውቃቸው ምልክቶች ናቸውና «መጣብኝ» ብሎ ይደነግጣል፤ ድንጋጤውም እውነተኛውን ማዕበል ያመጣዋል።

እንዲህ ከሆነ ምቱ በድንገት አይቁም፣ ቀስ እያለ ይውረድ። ሰውየው ይቀመጥ፣ ሁለቱ እግሮቹ መሬት ይርገጡ፣ አራት ቆጥሮ ወደ ውስጥ፣ ስድስት ቆጥሮ ወደ ውጭ ይተንፍስ። አንድ ሰው ብቻ ከጎኑ ይሁን። ሌሎቹ ሥራቸውን ዝግ ባለ ድምፅ ይቀጥሉ፤ ሰው ከበው ሲያፈጡበት ይብስበታል። በወረቀት ከረጢት ውስጥ ማስተንፈስ የድሮ ዘዴ ነው፤ ምክንያቱ አስም ወይም ልብ ከሆነ ይጎዳልና አይደረግ። የደረት ሕመሙ ካልለቀቀው ወይም ራሱን ከሳተ ወደ ሐኪም ቤት ነው።

ከማስጮህ ይልቅ የሚሠራው መሪነቱን ለእሱ መስጠት ነው። ቡድኑ የእሱን ጭንቀት በምት ይጫወትለታል፣ እሱ በእጁ ከፍና ዝቅ ያደርገዋል። እጁን ሲያወርድ ቡድኑ በሙሉ ዝም ይላል። ከቁጥጥሩ ውጭ የነበረው ነገር ለሁለት ደቂቃ ያህል በእጁ ይገባል።

«ጥቁር የሣለ ከባድ ችግር አለበት»

የተሰጠው ከሰል ስለሆነ ነው ጥቁር የሣለው። ከቀለም ተነሥቶ የሰውን ልብ ማንበብ አይቻልም፤ አስተባባሪውም መተርጎም የለበትም። የሚያየውን ብቻ ይናገር፦ «እዚህ ጋ መስመሩ ሦስት ጊዜ ተመልሷል።» ትርጉሙ የባለቤቱ ነው።

«ሁሉም ታሪኩን ማውጣት አለበት»

ጆናታን ፎክስ እና ጆ ሳላስ እ.ኤ.አ. በ1975 በኒው ዮርክ ግዛት የጀመሩት ፕሌይባክ የተባለ የቴአትር ዓይነት አለ። ከታዳሚው አንዱ በፈቃዱ ያጋጠመውን ይናገራል፣ ተዋንያኑ ሳይመካከሩ እዚያው ይጫወቱታል፣ የመጨረሻው ቃል ግን የተናጋሪው ነው። ታሪክ እዚያ በግዴታ አይወጣም፤ ዝም ብሎ ያየም ተሳታፊ ነው።

ለጭንቀት ቡድን ከዚያ የሚበጀው አጭሩ ቅርጽ ነው። ሰው ታሪክ ሳይሆን አንድ ስሜት በአንድ ዓረፍተ ነገር ይሰጣል፣ ለምሳሌ «ስልክ ሲጠራ ልቤ ይወርዳል»። ሦስት ሰዎች ተራ በተራ ገብተው እያንዳንዳቸው አንድ ድምፅና አንድ እንቅስቃሴ ይጨምራሉ፤ በጠቅላላው አንድ ደቂቃ ነው። ጭንቀቱ ከአሥር ሦስት ወይም አራት የሚሆን ይምረጥ። ዘጠኝ የሆነውን በመጀመሪያው ቀን ያወጣ ሰው ሌሊቱን ብቻውን ነው የሚሸከመው።

በእኛ ዘንድ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። አለቃና ሠራተኛ፣ «አንቱ» የሚባሉ አዛውንትና የሠፈር ወጣት አንድ ክብ ውስጥ ሲቀመጡ ወጣቱ ጭንቀቱን አይናገርም፤ ቢናገርም ለጋሼ ወይም ለእትዬ የሚስማማውን አሳምሮ ነው። እኩያን ከእኩያ ማስቀመጥ ይሻላል። ካልተቻለ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጊዜያት ምትና መስመር ብቻ ይሁኑ።

«የፈረንጅ ነገር ነው»

ስሙና በመጽሐፍ የተጻፈው ዘዴ አዎ፤ የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ያኮብ ሞሬኖ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ በቪየና ያለ ጽሑፍ የሚጫወት ቴአትር ሠርቷል። ሥራው ራሱ ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም። በለቅሶ ቤት አልቃሿ የሟቹን ስምና ሥራ አንሥታ ሙሾውን እዚያው ትገጥማለች፣ ለቀስተኛው ይቀበላታል። በቡሄ ልጆቹ «ሆያ ሆዬ» ሲሉ አውጪው ለየቤቱ ባለቤት የሚስማማ ግጥም ያወጣል፣ ሌሎቹ «ሆ!» ይላሉ። እነዚህ ሕክምና ናቸው ማለታችን አይደለም። የሙሾ ዜማን ወደ ቡድኑ ማምጣትም ልክ አይመስለንም፤ በቅርቡ ሰው የሞተበት ቢኖር ቁስሉን ይነካል።

ተቀበል ግን በደንብ ይሠራል። አንዱ ስለ ጭንቀቱ አንድ ስንኝ ይሰጣል፣ ቀጣዩ ቤት አስመትቶ ይሞላዋል፦

ሌሊቱ ረዘመ፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤
የጎረቤት መብራት አብሮኝ አመሸልኝ።

ሁለተኛው ሰው ምክር እንዳይሰጥ አስቀድሞ ይነገረው። «አይዞህ» ደግ ቃል ነው፤ ስንኝ ውስጥ ሲገባ ግን ወሬውን ይዘጋዋል። ከምክር ይልቅ የሚታይ ነገር ይጨምር፦ መብራት፣ ውሻ፣ የቀዘቀዘ ሻይ።

«ይህን የሠራ ሐኪም አያስፈልገውም»

ያስፈልገዋል። ጭንቀቱ ለሳምንታት እንቅልፍና ምግብ ከከለከለ፣ ከሥራ ወይም ከትምህርት ካስቀረ፣ ባለሙያ ጋ መሄድ ይገባል፤ የንግግር ሕክምናም መድኃኒትም አለው። የሚዘነጋው ነገር፣ የታይሮይድ ዕጢ ከልክ በላይ ሲሠራም ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃል፤ ይህ በደም ምርመራ ይለያል። ጫትና በቀን ብዙ ስኒ ቡናም እንዲሁ ያደርጋሉ። ራሱን የመጉዳት ሐሳብ የመጣበት ሰው የቡድኑን ቀን አይጠብቅ፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይሂድ። አዲስ አበባ ላሉ የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ።

«ሥራው ካለቀ በኋላ ለሰው መታየት አለበት»

ፎቶው በቴሌግራም እንደሚለቀቅ የሚያውቅ እጅ የሚያምር ነገር ብቻ ይሥላል፤ ልብ፣ አበባ፣ የምትወጣ ፀሐይ። ስለዚህ ስልክ ገና ከመጀመሪያው ይቀመጥ፣ የወረቀቱም ነገር ሥራው ሳይጀመር ይወሰን፦ ተጠቅልሎ ለሚቀጥለው ሳምንት ይቆያል፣ ወይስ ይቃጠላል? ቆርጦ መካፈል የሚቻለው ሁሉም ሲስማማ ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ቁራጭ የሁለት ሰው እጅ አለበትና። የሚቆይ ከሆነ ከሰሉ እንዳይረግፍ ውጭ ወጥቶ ከ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት የፀጉር ስፕሬይ በስሱ ይነፋበት፣ አሥር ደቂቃ ይድረቅ፣ ሲጠቀለልም በመሀሉ ስስ ወረቀት ይግባ።