ከባሕር ፍጥረታት የሚገኙ ሌክቲኖች፦ ጠባያቸውና ሊሰጡ የሚችሉት ጥቅም

ሌክቲን የሚባሉት ፕሮቲኖች አንድን የስኳር ዓይነት ከሌላው ለይተው የሚይዙ፣ የያዙትን ግን እንደ ኢንዛይም የማይለውጡ ናቸው። ጥናታቸው የተጀመረው በባሕር ሳይሆን በጎጃም አጥር ሥር ሳይቀር በሚበቅለው ጉሎ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1888 ኸርማን ሽቲልማርክ በዶርፓት ዩኒቨርሲቲ የጉሎ ፍሬ ጭማቂ ቀይ የደም ሕዋሳትን እርስ በርስ እንደሚያጣብቅ አሳየ። በደንብ ያልበሰለ ቦሎቄ ሆድ የሚያውከውም በሌክቲኑ ነው፤ አጥብቆ መቀቀል ፕሮቲኑን ያፈርሰዋል። የግብጦ ምሬት ግን ከዚህ ጋር ሊምታታ አይገባም፤ እሱ አልካሎይድ ከሚባሉ መራራ የተክል ኬሚካሎች የሚመጣ በመሆኑ የሚወገደው በውሃ ተዘፍዝፎ ነው።

በባሕር የሚኖሩ አከርካሪ አልባ እንስሳት እንደ እኛ ፀረ እንግዳ አካል አያመርቱም። ሰፍነግም ሆነ ዛጎል ለበስ እንስሳ በባክቴሪያ በተሞላ ውሃ ውስጥ ዕድሜውን ሲገፋ፣ የወራሪውን የስኳር ሽፋን ለይቶ የሚይዝ ሌክቲን ከመከላከያዎቹ አንዱ ነው። የባሕር አልጌ ሌክቲኖች ደግሞ ብዙዎቹ ትንንሽና ሙቀት የሚችሉ በመሆናቸው ለላቦራቶሪ ሥራ ይመቻሉ።

ሌክቲን መኖሩ የሚታወቅበት ዘዴ ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ ባለ ተራ ላቦራቶሪ ሊሠራ የሚችል ነው። የፍጥረቱ ጭማቂ በተደረደሩ ትንንሽ ጎድጓዶች ውስጥ ደረጃ በደረጃ እየቀጠነ ይጨመራል፤ በላዩ የታጠበ የበግ ወይም የጥንቸል ቀይ የደም ሕዋስ ይደረጋል። ሌክቲን በሌለበት ጎድጓድ ሕዋሳቱ ተንሸራተው ከሥር አንዲት ቀይ ነጥብ ይሆናሉ፤ ባለበት ግን ተጣብቀው ወለሉን እንደ ስስ መረብ ይሸፍናሉ። ቀጥሎ የተለያዩ ስኳሮች ይጨመራሉ፤ መጣበቁን የሚያስቆመው ስኳር ሌክቲኑ የሚይዘው መሆኑ ይታወቃል። የደም ዓይነት ኦ መለያ የሆነው የኤች ምልክት ፉኮስ ከሚባለው ስኳር ጋር የተያያዘ መሆኑም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ በዚህ መንገድ፣ እባብ በሚመስለው የኢል ዓሣ ሴረም (ከደም በሚለይ ፈሳሽ) ተረጋግጧል።

ከሁሉም ይበልጥ ተስፋ የተጣለበት ግሪፊትሲን ነው። ከኒውዚላንድ ባሕር ከተሰበሰበ ቀይ አልጌ የተገኘው ይህ ፕሮቲን እ.ኤ.አ. በ2005 ይፋ ሆነ። 121 አሚኖ አሲዶች አሉት፤ ሁለት ሁለት እየሆነ ስለሚጣመር ማኖስ የሚባለውን ስኳር በስድስት ቦታ መያዝ ይችላል። የኤችአይቪ ውጫዊ ሽፋን በማኖስ የተጨናነቀ በመሆኑ ሌክቲኑ ቫይረሱ ወደ ሕዋስ ከመግባቱ በፊት ይይዘዋል፤ በላቦራቶሪ የሳርስን ኮሮናቫይረስም አግዷል። አልጌውን ከባሕር እየለቀሙ መድኃኒት ማምረት ግን የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎች ዘረመሉን ከትንባሆ ጋር በሚዛመድ ተክል ውስጥ እንዲሠራ አድርገው፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ ሥራ፣ ከ5,000 ካሬ ጫማ ግሪንሀውስ ከ60 ግራም በላይ ንጹሕ ፕሮቲን ማግኘታቸውን ገለጹ። ከዚያ ወዲህ በጄል መልክ ተዘጋጅቶ በሴቶች ላይ የመጀመሪያ ደረጃ የደኅንነት ሙከራ ተደርጎበታል።

ከሜዲትራኒያን ዛጎል ለበስ የተገኘው ማይቲሌክ የተባለ ሌክቲን የበርኪት ሊምፎማ የካንሰር ሕዋሳትን በላቦራቶሪ ገድሏል። ከዓባይ ሸለቆ ቆላ ወባን ለሚያውቅ አንባቢ ግን ይበልጥ የሚስበው ኩኩማሪያ ኤኪናታ ከተባለው ለስላሳ የባሕር ወለል እንስሳ የተገኘው ሌክቲን ሳይሆን አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2007 የዚህን ሌክቲን ዘረመል የተሸከመች አኖፊለስ ስቴፈንሲ ትንኝ ተፈጥራ፣ የአይጥ ወባ ተውሳክ በሆዷ ውስጥ ማደጉ ተገታ። በጎጃም ዋነኛዋ አስተላላፊ አኖፊለስ አረቢየንሲስ በመሆኗ ውጤቱን በቀጥታ ወደዚህ ማዛወር አይቻልም።

ችግሮቹም ቀላል አይደሉም። ሌክቲን ለሰውነት ባዕድ ፕሮቲን ስለሆነ የመከላከያ ሥርዓትን ሊያስቆጣ ይችላል፤ የያዘው ስኳር በጤነኛ ሕዋስም ላይ ካለ ጤነኛውን ይጎዳል፤ አንዳንዶቹም ሕዋሳት እንዲባዙ ያነሳሳሉ። የአልጌና የዛጎል ለበስ ሌክቲን ሁሉ መድኃኒት እንደሚሆን የሚያስነብቡ ማስታወቂያዎች ይህን አይጠቅሱም።

በጎጃም ባሕር ባይኖርም ጣና አለ። በሐይቁ ላይ አረንጓዴ አተላ ሆኖ በሚታየው ማይክሮሲስቲስ በተባለ ባክቴሪያ ዘመዶች ውስጥ ማይክሮቪሪንን የመሰሉ፣ ኤችአይቪን በላቦራቶሪ የሚያግዱ ሌክቲኖች ተገኝተዋል። ይሁን እንጂ የማይክሮሲስቲስ ዝርያዎች ብዙ ጊዜ ማይክሮሲስቲን የተባለ ጉበት የሚጎዳ መርዝም ስለሚያመርቱ፣ ከሐይቁ ናሙና የሚወስድ ሰው አስቀድሞ መርዙን ከፕሮቲኑ መለየት ይኖርበታል።