የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ እና አገራዊው የካንሰር ዕቅድ

የአዲስ አበባ ከተማ የካንሰር መዝገብ እ.ኤ.አ. በ2011 በጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የጨረር ሕክምና ማዕከል ተቋቋመ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።) ሥራው በከተማዋ ነዋሪዎች ላይ የተገኘውን ካንሰር፣ ሰውየው የትም ይታከም የት፣ አንድ በአንድ መመዝገብ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው መረጃ በአብዛኛው የየሆስፒታሉ የካርድ ቆጠራ ነበር። ያ ደግሞ ሆስፒታል ማን እንደደረሰ ይነግረናል እንጂ ስንት ሰው እንደታመመ አይነግረንም።

የጨረር ሕክምናው ራሱ በጥቁር አንበሳ የተጀመረው በ1997 ነው። ጅማና ሐረማያ የየራሳቸው ማሽን እስኪኖራቸው ድረስ ለረጅም ዓመታት የአገሩ ሰው ሁሉ ወረፋ የሚጠብቀው እዚያው ነበር።

ምዝገባው ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ግን ልፋት አለው። ሰብሳቢዎቹ የመንግሥትና የግል ሆስፒታሎችን፣ የሥጋ ናሙና የሚመረምሩትን የፓቶሎጂ ላቦራቶሪዎችንም ይዞራሉ። አንዲት ሴት የጡቷ ናሙና በግል ላቦራቶሪ ሊታይ፣ ቀዶ ሕክምናው ሌላ ሆስፒታል ሊሠራላት፣ ጨረሩን ደግሞ ጥቁር አንበሳ ልትወስድ ትችላለች። ካርዷ ሦስት፣ ሴትዮዋ ግን አንድ ናት። አንዱ ካርድ ላይ የአያት ስም አለ፣ ሌላው ላይ የለም። ዕድሜዋም እንደ ጠያቂው ይለያያል። ይህን አስታርቆ አንድ ጊዜ ብቻ መቁጠር ያስፈልጋል። ሌላው ፈተና አድራሻ ነው። ለሕክምና ከክፍለ ሀገር መጥቶ ዘመድ ቤት ያረፈ ሰው የሚሰጠው የዘመዱን አድራሻ ነው። እሱ የከተማው ነዋሪ ተብሎ ከተቆጠረ የአዲስ አበባ ቁጥር ያለአግባብ ያብጣል። እነዚህን ጥንቃቄዎች ለዓመታት ሳይታክቱ የያዙት ሠራተኞች ለአገር ትልቅ ውለታ ውለዋል።

ውጤቱም ብዙ ግምት አስተካክሏል። ከተመዘገቡት ሕሙማን ከሦስቱ ሁለቱ ገደማ ሴቶች ናቸው። ከሴቶቹ ካንሰር አንድ ሦስተኛ ያህሉ የጡት ሲሆን የማህፀን በር ካንሰር ይከተላል። በወንዶች ቀዳሚው የትልቁ አንጀት ካንሰር ነው። በዚህ መረጃ ላይ ተመሥርቶ የተሠራ ጥናት በ2015 በመላ አገሪቱ ወደ 64 ሺህ የሚጠጉ አዳዲስ ሕሙማን እንደነበሩ ገምቷል። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከ2016 እስከ 2020 የሚያገለግለውን የካንሰር መከላከያና መቆጣጠሪያ ዕቅድ ያዘጋጀው የመዝገቡ ቁጥሮች መውጣት በጀመሩበት ጊዜ ነው።

የማህፀን በር ካንሰር ላይ ምርምርና ፖሊሲ ጎን ለጎን ሄደዋል። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች ቀጠን ባለ አሴቲክ አሲድ፣ ማለትም በአቼቶው ዓይነት ፈሳሽ፣ የማህፀን በራቸው ተቀብቶ ይመረመራሉ። ወደ ካንሰር ሊለወጥ የሚችል ነጣ ያለ ቦታ ከታየ በዚያው ቀን ማከም ይቻላል። የማህፀን በር ካንሰርን የሚያመጣውን ቫይረስ የሚከላከለው የኤች.ፒ.ቪ. ክትባት በ2018 መጨረሻ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች በሁለት ዙር ተጀመረ። በኋላ ጎረቤት ኬንያ ውስጥ የተካሄደ ሙከራ አንድ ዙር ብቻውን ከፍተኛ መከላከያ እንደሚሰጥ አሳየ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 ምክሩን አሻሻለ። ኢትዮጵያ በ2024 ወደ አንድ ዙር ስትዞር ከ9 እስከ 14 ዓመት ያሉትን ሁሉ በአንድ ዘመቻ ማካተት ቻለች።

የጡት ካንሰር ላይ የጥቁር አንበሳ ሐኪሞች ከጀርመኑ ማርቲን ሉተር ሃለ-ቪተንበርግ ዩኒቨርሲቲ ጋር የሠሩት ሥራ በተለይ ሊነገርለት ይገባል። የአፍሪካ ሴቶች የጡት ካንሰር ለሆርሞን መድኃኒት እምብዛም አይመልስም የሚል ግምት ነበር፤ ከምዕራብ አፍሪካ የመጣ መረጃ ነው ያሳደረው። በ2014 የታተመው የጥቁር አንበሳ ጥናት ግን ከታዩት ዕጢዎች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ኤስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን የሚያያዝበት ተቀባይ እንዳላቸው አገኘ። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ይህን ተቀባይ የሚዘጋው ርካሹ የሆርሞን መድኃኒት፣ የታሞክሲፌን ኪኒን፣ ለብዙዎቹ ይሠራል ማለት ነው። ኪኒኑ ግን በየቀኑ፣ ለዓመታት ይዋጣል፤ ብዙዎች መሃል ላይ ያቋርጣሉ። በኋላ በክልል ሆስፒታሎች በተደረገ ሙከራ፣ ለዚሁ የሠለጠኑ ነርሶች ሲከታተሏቸው ሕሙማኑ መድኃኒቱን ይበልጥ እንደሚቀጥሉ ታይቷል። በጀት ለሚመድብ አካል ከዚህ የተሻለ የተጨበጠ መረጃ አይገኝም።

የመዝገቡ ድክመት አንድ ከተማ ላይ መቆሙ ነው። አገር አቀፍ የሚባለው ቁጥር ከአዲስ አበባ ተነስቶ የተሰላ ግምት ነው፤ የገጠሩ በሽታ ደግሞ የከተማውን ላይመስል ይችላል። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር ነው። ከአርሲና ከባሌ የሚመጡ ሕሙማን እንደሚበዙ ሐኪሞች ከድሮ ጀምሮ ያስተውላሉ። ምክንያቱ ግን እስካሁን አልለየም። ትኩስ ገንፎ ነው የሚሉ አሉ፣ ጫት የሚሉም አሉ፣ የቤት ውስጥ ጭስም ይጠረጠራል። ምናልባት አንዱ፣ ምናልባትም ተደራርበው ሊሆን ይችላል። ከ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የጋለ መጠጥ ካንሰር ሳያመጣ እንደማይቀር የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2016 አስታውቋል፤ ገንፎ ላይ ግን ያን ያህል የጠራ ማስረጃ የለም። ለአሰላ ወይም ለጎባ ሕዝብ ምን አስቀድሞ እንደሚነገረው ለመወሰን፣ በሽታው እዚያው ባለበት የሚቆጥር መዝገብ ያስፈልጋል።