«እምነት ምርጫ ነው» ሲባል ምን ማለት ነው?

ይህን አባባል ጎንደር ውስጥ የማልሰማበት ቦታ የለም። ማኅበር ላይ፣ ሻይ ቤት፣ ታክሲ ውስጥ። ሰሞኑን ደግሞ አንድ ተናጋሪ መድረክ ላይ ወጥተው «ፈጣሪ የለም የሚል ሰው መርጦ የካደ ነው፤ ልመን ካለ ነገ ጠዋት ያምናል» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበላቸው። ከዚያ ደግሞ አንድ ወጣት «አማኞች ላለማሰብ የመረጡ ሰዎች ናቸው» ሲል ሰማሁ። የሚጣሉ ይመስላሉ እንጂ የሁለቱም ስህተት አንድ ነው። ፍልስፍና አስተምራለሁና ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

ጥያቄው እንዲህ ነው። እጅ ማንሳት በፈቃድ ነው። አንድን ነገር «እውነት ነው» ብሎ ማመንስ?

እስቲ ሞክሩት። የፋሲል ግንብ የለም ብላችሁ እመኑ። ለአምስት ደቂቃ ብቻ። አንድ ሚሊዮን ብር ቢሰጣችሁ «የለም» ማለት ትችላላችሁ። መማልም ትችላላችሁ። ማመን ግን አትችሉም።

ተናጋሪው «ግንቡማ በዓይን ይታያል፤ ፈጣሪ ግን አይታይም» ይሉኝ ይሆናል። እሺ፣ ማስረጃው እኩል የሆነ ነገር እንውሰድ። ዛሬ ማታ ሰማይ ላይ ያሉት ከዋክብት ብዛታቸው ለሁለት ይካፈላል ወይስ አንድ ይተርፋል? አንዱን መርጣችሁ እመኑ። መገመት ቀላል ነው። መወራረድም ይቻላል። እምነት ግን በትእዛዝ አይመጣም።

«ታዲያ ሰው እንዴት ያምናል?» ለሚለው፣ ሊጥ የሚያቦካ ሰው ይገባዋል። ጤፉን የምትመርጠው እናት ናት። ውኃውን የምትለካው፣ እርሾውን የምትጨምረው፣ ቡሃቃውን ከድና ሙቅ ቦታ የምታስቀምጠው እሷ ናት። «አሁን ኩፍ በል» ብላ ግን አታዝዘውም። እርሾው ካለፈው ሊጥ የተረፈ ነው፤ እኛም ከቤት፣ ከሰፈር፣ ከልጅነት ይዘነው የመጣነው አለ። በክረምት የጎንደር ብርድ ሲጠና ያው ሊጥ ይዘገያል። አንዳንዴም ማንም ሳይፈልግ ከመጠን በላይ ይኮመጥጣል፤ እምነቱ ያለቀበትን ሰው ብትጠይቁት ብዙ ጊዜ የሚነግራችሁ ይህንኑ ነው። አንድ ቀን ተነስቶ አልወሰነም። ምሳሌው የሚጎድለው አንድ ነገር አለ፤ ሊጥ ማስረጃ አይመዝንም፣ ሰው ግን ይመዝናል። ቢሆንም መመዘን እንጂ ሚዛኑ ወዴት እንደሚያደላ መወሰን የእኛ አይደለም።

«ብታምን ምን ትከስራለህ?» የሚሉም ይህን ይዘነጉታል። የክርክሩ ባለቤት ፈረንሳዊው ፈላስፋ ብሌዝ ፓስካል ራሱ (1623–1662) «ማመን አልችልም» የሚል ሰው እንዳለ ያውቅ ነበር። ለዚያ ሰው «በቃ እመን» አላለውም። የሚያምኑት የሚያደርጉትን አድርግ፣ ጠበል ተረጭ፣ ቅዳሴ አስቀድስ ነው ያለው። መንገዱ ዙሪያ ጥምጥም ነው፤ መድረሱም ዋስትና የለውም።

ማስረጃ ፈልገን ሩቅ አንሂድ። አፄ ሱስንዮስ ከዚህ ብዙም በማይርቀው ደንቀዝ ተቀምጠው የካቶሊክ እምነትን የመንግሥት ሃይማኖት አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ1625 የመጣው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ፣ ካህናቱም እንደገና ክህነት እንዲቀበሉ አዘዘ። አመፅ ተነሳ፤ ብዙ ደም ፈሰሰ፤ በ1632 ንጉሡ የቀደመውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። እምነት በውሳኔ የሚቀየር ቢሆን ኖሮ ያመፀው ገበሬ «ከዛሬ ጀምሮ አምኛለሁ» ብሎ ነፍሱን ባተረፈ ነበር። በሌላው ወገንም ያው ነው። የንጉሡ ወንድም ራስ ሥዕለ ክርስቶስ ነገሩ ከተገለበጠ በኋላ ካቶሊክነቱን አልተውም ብሎ ለግዞት ተዳረገ። እምነት በምርጫ የሚቀየር ቢሆን ኖሮ ያን ሁሉ ሥቃይ ለምን ይቀበል ነበር?

በወንጌልም የታመመው ልጅ አባት «ለማመን ወስኛለሁ» አላለም። «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ነው ያለው። ሲጠራጠሩ ኃጢአት የሠሩ እየመሰላቸው የሚጨነቁ እናቶች ይህን ቢያስቡት ደስ ይለኛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለይ። መታመን፣ መጽናት፣ መጾም፣ ማስቀደስ በፈቃድ የሚደረጉ ናቸው። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 27 ላይ ሰው የመረጠውን ሃይማኖት የመያዝ መብት አለው ሲል የሚጠብቀው ማንም እንዳያስገድደው ነው። ልብ እንዴት እንደሚያምን የሚያብራራ አንቀጽ አይደለም።

«ታዲያ ሰው ስለ እምነቱ አይጠየቅም ማለት ነው?» ይጠየቃል። ሳያነብ ከፈረደ፣ የማይስማማውን ላለመስማት ጆሮውን ከደፈነ ይጠየቃል። አማኝም ይሁን የማያምን። ልጃችሁ ቤት መጥቶ «ማመን አቃተኝ» ካላችሁ ግን «አልፈልግም» ያላችሁ አድርጋችሁ አትስሙት። ምን እንዳነበበ፣ ማንን እንዳዳመጠ፣ ምን እንደደረሰበት ጠይቁት።