«የእግዜር ተራ መጠበቂያ» ምንድን ነው?

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። የማወራው ዘጋቢ ፊልሞች የባሕር ዳር ጡረተኞችን እንዴት እንደሚያሳዩ ነው፤ «ባሕር ዳር» ስል ግን ጣናን፣ ዘንባባውንና ባጃጁን ማለቴ አይደለም። ጨው ጨው የሚለውን የእውነቱን ባሕር ነው። ዓመቶቹም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። አሁን እንግባ።

እንግሊዞችና አሜሪካኖች አንድ ክፉ ቀልድ አላቸው። ጡረተኛ የበዛበትን የጠረፍ ከተማ «የእግዜር ተራ መጠበቂያ» ይሉታል። ክሊኒክ ሄደህ ካርድ ታወጣለህ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረህ ስምህ እስኪጠራ ትጠብቃለህ አይደል? እንደዚያ ነው። ልዩነቱ እዚህ ስም የምትጠራው ነርሷ አለመሆኗ ነው። አሜሪካ ውስጥ ስሙ ለፍሎሪዳ፣ በተለይ ለማያሚ ቢች ወጣ። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ኢስትቦርንን፣ ዎርዚንግን፣ ቤክስሂልን መንካት የፈለገ ሰው ይለዋል። እንግሊዞች «ኮስታ ጀሪያትሪካ» የሚል ሌላም ጨምረዋል። ኮስታ በስፓኒሽ ጠረፍ ነው፤ የስፔን መዝናኛዎች ስማቸው በኮስታ ይጀምራል፤ ይኼኛው «የሽማግሌዎች ኮስታ» መሆኑ ነው።

ቀልድ ሆኖ ቢቀር ምንም አልነበር። ግን ዘጋቢ ፊልም ሠሪዎች ቀልዱን እንደ ስክሪፕት ይዘውት ቁጭ አሉ።

አንዱን ፊልም ክፈት። ድሮን ከባሕሩ በኩል ይመጣል። ግራጫ ውኃ። ባዶ አግዳሚ ወንበር። አንድ የባሕር ወፍ። ቀስ የሚል ፒያኖ። ከዚያ እጅ። ሁልጊዜ እጅ ነው፤ የተሸበሸበ፣ ደም ሥሩ የወጣ፣ ሻይ ኩባያ የያዘ እጅ። የሰውዬውን ፊት ገና አላየንም፣ ስሙን አልሰማንም፣ ግን እጁን አይተን አዝነንለታል። ማንም ምንም ሳይናገር ፊልሙ ሐሳቡን ጨርሷል።

ቀጥሎ ጥያቄ ይመጣል። ወጣት ሳሉ ምን ይሠሩ ነበር? ከባለቤትዎ ጋር የት ተዋወቁ? ይቺ ከተማ ድሮ ምን ትመስል ነበር? ጥያቄዎቹ ክፉ አይደሉም። ግን ሁሉም ወደ ኋላ ነው የሚያዩት። ፊልሙን ወደ አማርኛ ብትመልሰው ግማሹ ዓረፍተ ነገር በ«ነበር» ያልቃል፣ እኛ ደግሞ «ነበር ባይሰበር» የምንል ሰዎች ነን። «ነገ ምን ጉዳይ አለብዎት?» ብሎ የሚጠይቅ ፊልም ፈልጌ ያገኘሁት በጣት የሚቆጠር ነው። ነገ ደግሞ ሁሉም ጉዳይ አለበት። የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ አለ፣ ከጎረቤት ጋር የአጥር ጭቅጭቅ አለ፣ ካርታ ጨዋታ አለ።

ሁለተኛው ዓይነት ፊልም ደስተኛው ነው። የ84 ዓመቷ እመቤት በክረምት ቀዝቃዛ ባሕር ይዋኛሉ፣ ይደንሳሉ፣ ሮዝ ጸጉር ይቀባሉ። ተራኪው «ዕድሜ ቁጥር ነው» ይላል። እኔን የሚያናድደኝ እንዲያውም ይኼኛው ነው። ምክንያቱም አዛውንት የሚደነቀው ወጣት ሲመስል ብቻ ነው እያለን ነው። ጉልበቱን የሚያመው፣ ዋና የማይወደው፣ በቆሻሻ ገንዳ ጉዳይ ለማዘጋጃ ቤቱ በየሳምንቱ ደብዳቤ የሚጽፈው ተራ ሽማግሌ ካሜራ አይዞርለትም። በእኛ ቋንቋ ሽማግሌ ሥራ ነው፤ ይላካል፣ ያስታርቃል፣ ይታማል፣ ይፈራል። ይኼን ስል ግን እኛ ጻድቅ ነን ማለቴ አይደለም። በበዓል ዋዜማ የእኛም ካሜራ የአረጋውያን መርጃ ይሄድና የበገና ዜማ ከበስተኋላ አድርጎ ያው እጅ ላይ ነው የሚያተኩረው።

እንግዲህ እነዚህ ከተሞች እውነት እንዴት እንዲህ ሆኑ? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ፊልሞቹ የሚዘሉት እሱን ነውና።

እንግሊዝን እንውሰድ። ባቡር የጠረፍ ከተማዋ ብራይተን የገባው በ1841 ነው፣ ኢስትቦርን በ1849። ሀብታሙ ቀድሞ መጣ፣ ሠራተኛው ተከተለ። በ1938 ደመወዝ የሚከፈልበት የዓመት እረፍት ሕግ ወጣ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሰዉ ጎረፈ። በየመንገዱ አሥርና አሥራ አምስት መኝታ ክፍል ያላቸው፣ በየክፍሉ የእጅ መታጠቢያ የተገጠመላቸው ፔንሲዮኖች ተደረደሩ። ከዚያ በ1960ዎቹና በ70ዎቹ ርካሽ አውሮፕላን መጣና ያው ሠራተኛ ለእረፍት ወደ ስፔን ፀሐይ በረረ። መኝታ ክፍሎቹ ባዶ ቀሩ። በሌላ በኩል ድሮ በልጅነቱ ወይም በጫጉላ ሽርሽሩ እዚያ የሄደ ሰው ጡረታ ሲወጣ የለንደን ቤቱን ሸጦ፣ በግማሽ ዋጋ ጠረፍ ላይ ትንሽ ቤት ገዝቶ፣ የተረፈውን ባንክ እያስቀመጠ ይመጣል።

ቀጥሎ ሕግ ገባበት። በ1980 የደንብ ለውጥ ተደረገና ድሃ አረጋዊ የግል መጦሪያ ቤት ሲገባ መንግሥት ከማኅበራዊ ዋስትናው በጀት እንዲከፍልለት በሩ ተከፈተ። ባዶ ፔንሲዮን የታቀፈ ሰው ይኼን ሲሰማ ምን ያደርጋል? በሩ ላይ ያለውን ታፔላ ይቀይራላ! በ1979 ወደ 10 ሚሊዮን ፓውንድ የነበረው ወጪ በአሥር ዓመት ገደማ ከ1 ቢሊዮን አለፈ። መንግሥት ደንግጦ በ1993 ኃላፊነቱን ወደ አካባቢ አስተዳደሮች አዞረው። ከለንደንና ከሌላም ቦታ አዛውንቶች ወደ ጠረፍ የተጓዙት አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። አልጋው እዚያ ነበራ። ፊልሙ ግን ባሕሩ እንደ መግነጢስ ጠርቷቸው የመጡ ያስመስላል። ደንብ ፎቶ አይነሳም፤ ባዶ ወንበር ግን በደንብ ይነሳል።

ዛሬም ቁጥሩ ቀላል አይደለም። በ2021 የሕዝብ ቆጠራ በእንግሊዝ ሰሜን ኖርፎክ በሚባለው ጠረፋማ አካባቢ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው ሰው አንድ ሦስተኛ ነው። በአገር ደረጃ ከአምስት ሰው አንድ አይሞላም። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ዋና የሕክምና ኃላፊ ክሪስ ዊቲ ዓመታዊ ሪፖርታቸውን ሙሉ ለሙሉ በጠረፍ ከተሞች ጤና ላይ አደረጉት። ያሉትም በአጭሩ፣ በሽታው ብዙ ነው፣ ሐኪምና ነርስ ለመሳብ ግን ከባድ ነው፣ ችግሩም በየከተማው ስለተበታተነ አይታይም የሚል ነው። ነገሩን በቀላሉ እይው። መሃል አገር ያለ ሆስፒታል በአራቱም ማዕዘን ሰው ያገለግላል። ጠረፍ ላይ ያለው ግን ዙሪያው ግማሹ ዓሣ ነው። ዓሣ ግብር አይከፍልም፣ ልዩ ሐኪም እንዲቀጠርም አይጠይቅም። ወደ ሆስፒታሉ የሚሄደው አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ሰዓቱን የለጠፉበትን ወረቀት አንድ ደቂቃ የሚያሳይ ፊልም ቢመጣ ከሃያ ድሮን የበለጠ ይነግረን ነበር።

አሁን ወደ ማያሚ ቢች። ከሁሉም ይበልጥ የሚያስተምር ጉዳይ እሱ ነው።

በ1970ዎቹ ማያሚ ቢች ያለበት ደሴት ደቡባዊ ጫፍ፣ ሳውዝ ቢች፣ በአይሁድ ጡረተኞች የተሞላ ነበር። ብዙዎቹ ከኒው ዮርክ የመጡ፣ የልብስ ፋብሪካ የሠሩ፣ የሠራተኛ ማኅበር ሰዎች። ከናዚ ካምፕ የተረፉም ነበሩባቸው። አንድ ክፍል ከትንሽ ምድጃ ጋር ይከራያሉ፣ ጠዋት ባሕር ገብተው ይንቀሳቀሳሉ፣ ማታ ሆቴሉ በረንዳ ላይ ወንበር ደርድረው በዪዲሽ፣ በምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች ቋንቋ፣ ይጨቃጨቃሉ። «የእግዜር ተራ መጠበቂያ» የተባለው ያ በረንዳ ነው። ከዚያው ትንሽ ወደ ሰሜን፣ ሰርፍሳይድ ውስጥ፣ አይዛክ ባሼቪስ ሲንገር የሚባል በዪዲሽ የሚጽፍ ሰባ ያለፈው ሰውዬ ይኖር ነበር። በ1978 የሥነ ጽሑፍ ኖቤል ተሸለመ። ተራ መጠበቂያው ውስጥ ሌላ ዓይነት ስምም ይጠራል ማለት ነው።

በ1977 ሁለት ወጣት ፎቶግራፍ አንሺዎች፣ አንዲ ስዊትና ጋሪ ሞንሮ፣ እነዚህን ሰዎች ለአሥር ዓመት ሊያነሱ ተስማሙ። ስዊት በቀለም ነው የሚያነሳው፣ ሞንሮ በጥቁርና ነጭ። ሰፈሩ አንድ ነው፣ ሰዎቹ እነዚያው ናቸው። ግን የሞንሮን ስታይ ልብህ ይከብዳል፤ ጥላው፣ ዝምታው፣ የግድግዳው ልጣጭ። የስዊትን ስታይ ደግሞ ቀይ ሊፒስቲክ፣ አረንጓዴ መነጽር፣ የሚያብረቀርቅ የዋና ልብስ የለበሱ ትልቅ ሆድ ያላቸው እናት ካሜራውን ትክ ብለው ያዩታል፤ ድግስ የገባህ ነው የሚመስልህ። የቱ ነው እውነቱ? ሁለቱም። እኔ ግን «ዘጋቢ ፊልም ያየውን ነው የሚያሳየው» ለሚለኝ ሰው እነዚህን ሁለት ፎቶዎች ጎን ለጎን ነው የማስቀምጥለት። በቀለም ወይስ በጥቁርና ነጭ ብሎ መምረጥ ብቻውን ታሪክ ነው። ስዊት በ1982 ተገደለ፤ ኔጋቲቮቹም ማከማቻ ተሰጥተው ጠፉ። ከብዙ ዓመት በኋላ ቤተሰቡ ያገኛቸው ለሙከራ የታተሙ ፎቶዎች ቀለማቸው ታድሶ፣ የሁለቱ ታሪክ በ2018 ዘጋቢ ፊልም ወጣለት።

ታዲያ እነዚያ ሰዎች ምን ነበር የሚጠብቁት? ሞት ብቻ አይደለም። ማዘጋጃ ቤቱ የሰፈሩን ጫፍ አፍርሶ ቦይ ቦይ ያለበት መዝናኛ ሊሠራ አቅዶ ስለነበር ለዓመታት ግንባታና እድሳት አግዶ ነበር። በፎቶው የምናየው የተላጠ ግድግዳ የእርጅና ምልክት ብቻ አይደለም፤ የእግድም ውጤት ነው። በ1979 ሰፈሩ በአሮጌ ሕንፃዎቹ ምክንያት የአገር ቅርስ መዝገብ ውስጥ ገባ። ብዙዎቹ ሕንፃዎች ዳኑ። ሰዎቹ ግን አልዳኑም፤ ሆቴሎቹ እየታደሱ ኪራይ ናረ፣ በረንዳው ላይ የፕላስቲክ ወንበር ሳይሆን ኮክቴል መጣ። አንዳንዱ በእርግጥ ሞተ። ሌላው ግን ተነሳ፣ ሻንጣውን ይዞ ሄደ። ለአዲስ አበባ ሰው ይኼ ብዙ ማብራሪያ የሚፈልግ አይመስለኝም።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ እኛ። ሐበሻ እነዚህን ፊልሞች ሲያይ የመጀመሪያ ጥያቄው «ልጆቻቸው የት ሄደው ነው?» ነው። ፊልሙም እንድንጠይቅ የሚፈልገው ይኼንኑ ነው። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ነገሩ ተቃራኒ ነው። ልጆቹ አይደሉም የጣሏቸው፤ እነሱ ናቸው ልጆቻቸውን ጥለው ባሕር ፍለጋ የሄዱት። የልጅ ልጅ መጠበቅ ሰልችቷቸው የሄዱም አሉ፤ እፍረት የለውም። ጥሩ የሚሆነው ግን ባልና ሚስት በሕይወት እስካሉ፣ መኪና መንዳት እስከቻሉ ነው። አንዱ ሲሞት፣ መኪና መንዳቱ ሲቀር፣ ያ ርቀት ድንገት ይረዝማል። እውነተኛው ሐዘን ያለው እዚያ ላይ ነው፤ እሱን ለመቅረጽ ግን ሦስት ቀን አይበቃም።

ሦስት ቀን ያልኩት በምክንያት ነው። አንዲት የማውቃት የአዲስ አበባ ልጅ ደቡብ እንግሊዝ ጠረፍ ላይ ኬር ሆም፣ ማለትም መጦሪያ ቤት፣ ውስጥ ትሠራለች። አንድ ጊዜ ቀራጮች መጥተው ሦስት ቀን ከረሙ። ፊልሙ ውስጥ እሷ አለች፤ ለአራት ሰከንድ፣ ሻይ የሚቀዳ እጅ ሆና። እነዚህን ቤቶች የሚያንቀሳቅሰው ሰው፣ ከየአገሩ የመጣው፣ ሌሊት አዛውንቶቹን አልጋ ላይ የሚያገላብጠው፣ የሚያጥበው፣ ብዙ ጊዜ ከእጅ አንጓ በላይ አይታይም።

እዚያ ቤት አንድ ጡረተኛ የአውቶቡስ ሾፌር አሉ። ሁልጊዜ ጀርባቸውን ለባሕሩ ሰጥተው ነው የሚቀመጡት። ነጸብራቁ ዓይናቸውን ይወጋቸዋል፤ ቴሌቪዥኑ ደግሞ በወዲያኛው ግድግዳ ነው፣ ከሰዓት በኋላ የፈረስ ውድድር አለ። ዳይሬክተሩ መጣና ወንበሩን ወደ መስኮቱ አስዞረ። ባሕሩን እንዲያዩ፣ ምንም እንዳይናገሩ ለመናቸው። አዩ። በፊልሙ ላይ ይኼ ቦታ ሲደርስ ፒያኖው ይገባል፣ ካሜራው ይጠጋል፣ የአዛውንቱ ዓይን እንባ ሞልቷል። «ፀሐዩ እኮ ነው» አለችኝ ልጅቷ እየሳቀች።

ካሜራው ሲጠፋ «ጨረሳችሁ?» አሉ። ወንበራቸውን መልሳ አዞረችላቸው። አንድ ውድድር አምልጧቸው ነበር፤ እስከ ራት ድረስ አኮረፉ።